አብሽና የሐኪም መድኃኒት



ዛሬ የማነጋግራችሁ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በየቤታችሁ ጓዳ ከበርበሬውና ከኮረሪማው አጠገብ ስለሚቀመጠው፥ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሽታውን ስለምናውቀው ስለ አብሽ ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል፥ «አብሽ ደግሞ ምን የሚያስነግር ነገር አለበት?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ንግግሬን የምጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

አባቶቻችን ኮሶ በሚጠጡበት ጊዜ ይጠነቀቁ ነበር። ቀኑን መርጠው፥ ከሥራ ተለይተው፥ መጠኑን በሚያውቅ ሰው አስለክተው ይጠጡት ነበር። ኮሶ ትልን የሚያስወጣ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፥ ከልኩ ካለፈ ሰውን እንደሚያሳምም፥ አልፎ አልፎም እንደሚገድል ያውቁ ነበርና። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞች በመድኃኒት መዝገባቸው ካስገቡት በኋላ እንኳ ይህ ጠባዩ አልተለወጠም። መራራነቱ ራሱ ዘበኛ ነበረ፤ ለጨዋታ ብሎ ኮሶ የሚጠጣ ሰው የለም። አብሽ ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የለውም። ምግብ ነው፤ በንጥር ቅቤ ውስጥ ይገባል፤ ለአራስ ይሰጣል፤ ልጆችም ይቀምሱታል። ስለዚህ ማንም አይፈራውም፤ ማንም ስለማይፈራውም የሚለካው የለም። ሐኪሙ፥ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜም አብሽን ከቁጥር የሚያገባው የለም።

ላስረዳችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። አብሽ በወጥና በቅቤ ውስጥ በሚገባው መጠን ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። በብርጭቆ እየተለካ በየቀኑ ሲጠጣ ግን መድኃኒት ይሆናል፤ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ካዘዘው ኪኒን ጋር በአንድ ሆድ ውስጥ ይገናኛል። ሁለቱ ተገናኝተው የሚያደርጉትን ሐኪሙ ካላወቀ፥ የሚታከመው አንድ ሰው ሆኖ አካሚዎቹ ሳይተዋወቁ ሁለት ይሆናሉ።

አብሽ ወገኑ ከባቄላና ከሽምብራ፥ ከምስርና ከኦቾሎኒ ነው። በላቲን የሚጠራበት ስም «የግሪክ ድርቆሽ» ማለት ነው፤ ጥንት ለከብት መኖ ይሆን ስለ ነበረ ነው። በ1922 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በግብፅ የቱታንክሃሙን መቃብር በተከፈተ ጊዜ ከንጉሡ ጋር ከተቀበሩት ነገሮች መካከል የአብሽ ፍሬ ተገኝቷል። ዓረቦች ሒልባ ይሉታል፤ የየመን ሰዎችም ልክ እንደ እኛ በውሃ ዘፍዝፈው፥ መትተው፥ አረፋ አስነሥተው ይመገቡታል። በሕንድ አገርም የታወቀ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን የበላውን ነገር «መርዝ ነው» ብል ባትሰሙኝ እውነት አላችሁ።

ነገር ግን የአብሽን ኃይል የሚመሰክሩት ወዳጆቹ ራሳቸው ናቸው። አንዱ ለስኳር ይጠጣዋል፤ ሌላው ለደም ብዛት፤ ሌላው ለጨጓራ፤ ወይዘሮዋ ለጡት ወተት፤ ለመወፈር የሚጠጣውም ለመክሳት የሚጠጣውም አለ። ለዚህ ሁሉ ይበጃል መባሉን እኔ አልቀበልም፤ ለጡት ወተት ይረዳል ስለ መባሉ እንኳ የቀረበው ማስረጃ ደካማ ነው። ስኳርን ዝቅ ስለ ማድረጉ ግን ከሌላው የበለጠ ማስረጃ አለ። በሕንድ አገር የተመራመሩ ሰዎች በ1990 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጽሑፍ፥ ኢንሱሊን የግድ ለሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች ዘይቱ የወጣለት የአብሽ ዱቄት በቀን 100 ግራም ለዐሥር ቀን በምሳና በራት ውስጥ እየከፈሉ ሰጧቸው፤ በ24 ሰዓት ከሽንታቸው ጋር የሚወጣው ስኳር በ54 ከመቶ ቀነሰ። መቶ ግራም ማለት ዘጠኝ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ የሚያህል ስለ ሆነ፥ ማንም በቤቱ በዚህ ልክ አይጠጣም። የሆነ ሆኖ አብሽ ከንቱ ሣር አለመሆኑን ያሳያል።

ይህን የሚያደርገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ ሴቶቻችን አብሽ ሲመቱ በዓይናቸው የሚያዩት ነው፤ ይኸውም የሚያዝለገልገው ነገር ነው። ይህ ልጋግ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ በአንጀት ውስጥም ምግቡን ሸፍኖ ይይዝና ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ሁለተኛው መንገድ በፍሬው ውስጥ የሚገኝ አንድ ልዩ ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱ ጣፊያን ሳይሆን ቆሽትን እየቀሰቀሰ ኢንሱሊን እንዲያወጣ ያደርጋል። ጣፊያንና ቆሽትን አንድ አድርገው የሚናገሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ ነው ይህን በመንገዴ ያነሣሁት።

አሁን አንድ የመዝገብ ቤት ሹም በዐሳባችን እንሣል። ዕድሜያቸው አምሳ አልፏል፤ ሐኪም «ስኳር አለብዎት» ካላቸው ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ጧት ጧት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ኪኒን ይውጣሉ፤ ስኳራቸውም ደኅና ሆኖ ቆይቷል። አንድ ቀን ጎረቤታቸው፥ «ጋሼ፥ ኪኒን ብቻ ምን ያደርግልዎታል፤ ጧት በባዶ ሆድዎ አብሽ ይጠጡበት፤ ወንድሜን ያዳነው እርሱ ነው» ትላቸዋለች። ምክሯ ከቅን ልብ የመጣ ነው። ሹሙም ኪኒኑን ሳይተዉ አብሹን ይጨምሩበታል። በሁለተኛው ሳምንት የወሩ መግለጫ የሚቀርብበት ቀን ስለ ደረሰ፥ አብሹን ጠጥተው ኪኒኑን ውጠው፥ ቁርሳቸውን ሳይቀምሱ ወደ መሥሪያ ቤት ይሮጣሉ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ልባቸው ይመታል፤ በዶሴው ላይ ያለው ፊደል ይደባለቅባቸዋል፤ ያለ ጠባያቸውም ተላላኪውን ይቈጡታል። ባልደረቦቻቸው፥ «ዛሬ ጋሼን ምን ነካቸው?» ይባባላሉ። ጸሓፊያቸው አዝና ሻይ ታመጣላቸዋለች፤ ስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ስለምታውቅ ግን ስኳር አታደርግበትም።

ሹሙን የፈጠርኋቸው እኔ ነኝ፤ ምልክቶቹ ግን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ በእርግጥ የሚታዩ ናቸው። ሐኪሞች በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም ሲያንስ ወርዷል ይላሉ። በዚህ ጊዜ ሹሙን የሚያድናቸው ጸሓፊዋ የተወችው ያው ስኳር ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም በሻይ በጥብጦ ማጠጣት፥ 15 ደቂቃ መጠበቅ፥ ካልተሻላቸው መድገም፥ ከተሻላቸው በኋላ ደግሞ ምግብ ማብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ትን እንዳይለው በአፉ ምንም ነገር ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ግሊቤንክላሚድ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ረዥም ጊዜ የሚሠራ በመሆኑ፥ ሰውዬው ተሽሎት ከተነሣ በኋላ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ «አለፈልኝ» ብሎ ወደ ቤት መግባት አይገባም። ሜትፎርሚን የሚባለው ኪኒን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ የማውረድ ጠባዩ አነስተኛ ነው፤ ኢንሱሊን ግን ከግሊቤንክላሚድ ይልቅ ያሰጋል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይቀምስ፥ ወይም በረመዳን ከሱሑር እስከ መግሪብ የሚቆይ ሰው፥ ኪኒኑንም አብሹንም የሚወስድ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

የተገላቢጦሹም አለ። አብሽ መራራ ስለ ሆነ በቤታችን ማር ወይም ስኳር ሳይጨመርበት አይጠጣም። ለስኳር በሽታ የተመታውን አብሽ ሁለት ማንኪያ ማር ጨምሮበት የሚጠጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለራሱ ይታወቀው። ከዚህም የከፋ ኪኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን ትቶ በአብሽ ብቻ የሚተማመን አለ። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ኢንሱሊኑን ቢተው በጥቂት ቀን ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል። ቅድም ያነሣኋቸው የሕንድ ሕመምተኞች እንኳ አብሹ የተሰጣቸው ከምግባቸው ጋር እንጂ በኢንሱሊናቸው ምትክ አልነበረም።

መጠኑን ማወቅ የሚያስቸግረውም በቤታችን አሠራር ምክንያት ነው። አንዷ ፍሬውን ታምሳ ትፈጫለች፤ ሌላዋ ጥሬውን ትፈጫለች። አንዷ ሌሊቱን ዘፍዝፋ መራራውን ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ትደፋለች፤ ሌላዋ «ኃይሉ ያለው በምሬቱ ነው» ብላ ከነውሃው ታጠጣለች። ከውሃው ጋር የሚሟሟው ነገር ከፊሉ አብሮ ስለሚደፋ፥ የአንዱ ቤት ብርጭቆ ከሌላው ቤት ብርጭቆ ጋር በኃይል አይተካከልም። ኪኒኑ ግን ዛሬም ነገም ያው 5 ሚሊ ግራም ነው። ለሐኪሙ ስትናገሩ፥ «አብሽ እጠጣለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስንት ማንኪያ፥ በቀን ስንት ጊዜ፥ ከነውሃው ወይስ ውሃው ተደፍቶ፥ ከጀመራችሁስ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ንገሩት።

ከስኳር ኪኒን ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ዋርፋሪን ነው። ይህ መድኃኒት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲሆን፥ በአገራችን የልብ በር ሕመም ያለባቸው ወይም በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ የልብ በር የተደረገላቸው ብዙ ሰዎች ይወስዱታል። ጠባዩ እንደ ጠባብ ድልድይ ነው፤ ቢያንስ ደም ይረጋል፤ ቢበዛ ደም ይፈስሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው በደም ምርመራ ይመዘናል። በ2001 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ዋርፋሪን የሚወስድ ሕመምተኛ አብሽና ቦልዶ የሚባል የደቡብ አሜሪካ ቅጠል አብሮ መውሰድ ጀምሮ፥ ደሙ ከልክ በላይ መቅጠኑ በምርመራ ታወቀ። ሁለቱን በተወ ጊዜ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ እንደ ገና በጀመረ ጊዜ እንደ ገና ቀጠነ። ጥፋቱ የአብሹ ይሁን የቦልዶው ከዚህ ታሪክ መለየት አይቻልም። ይሁን እንጂ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በየቀኑ አብሽ መጠጣት የሚጀምርበት ምክንያት አይታየኝም፤ ከጀመረም ለሐኪሙ ሳይነግር አይዋል። በዚሁ አጋጣሚ ስለ ጎመንም አንድ ቃል ልበል። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ የሚቃወም ቫይታሚን ኬ በብዛት አለበት። በፍስክ ወራት ጎመን የማይነካ ሰው በዐቢይ ጾም በየቀኑ ቢበላ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንስበታል። ጎመን ተው ማለቴ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ልክ ብትበሉት ሐኪሙ ኪኒኑን ከጎመናችሁ ጋር አስተካክሎ ሊሰጣችሁ ይችላል።

የሚያዝለገልገው የአብሽ ክፍል ስኳርን እንደሚያዘገይ ሁሉ ኪኒንንም በአንጀት ውስጥ ሊያዘገይ ይችላል። በተለይ ለታይሮይድ እጢ የሚሰጠው የሆርሞን ኪኒን እንዲህ ያለ ቃጫማ ነገር ሲያገኘው ወደ ደም የሚገባው መጠን ስለሚቀንስ፥ በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ነው የሚወሰደው። ሌላውንም ኪኒን ቢሆን አብሹን በጠጣችሁበት ብርጭቆ አትዋጡት፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁት።

«ከዕፅ ጋር የሚጣላ ኪኒን መኖሩ አሁን የተፈለሰፈ ወሬ ነው» የሚል ካለ፥ የሌላ ዕፅ ታሪክ ልጨምርለት። በደጋ አገራችን ቢጫ አበባ የሚያብበውን አሜጃ ታውቁታላችሁ። በአውሮፓ ዘመዱ የሆነ «የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ» የሚሉት አለ፤ ሰዎቹ ለትካዜ መድኃኒት ነው እያሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው ይወስዱታል። በስዊዘርላንድ በዙሪክ ከተማ የሌላ ሰው ልብ የተተከለላቸው ሁለት ሕመምተኞች ይህን ዕፅ ወሰዱ። ዕፁ ጉበታቸው መድኃኒትን የሚያቃጥልበትን ኃይል ስላበረታው፥ የተተከለውን ልብ ሰውነታቸው እንዳይጥለው የሚጠብቀው መድኃኒት በደማቸው ውስጥ አነሰ፤ ሰውነታቸውም ልቡን መቃወም ጀመረ። ይህ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ የወጣ ነው። አሜጃችን እንዲሁ ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ የዕፅ ኃይል ከሆድ አልፎ ጉበት ድረስ እንደሚዘልቅ ለማስረዳት ነው።

ወደ አብሽ ልመለስና ስለ እናቶች ልናገር። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት በወጧ ውስጥ ያለው አብሽ አያሳስባት። በብዛት የሚጠጣው ግን ማሕፀንን ሊያኮማትር ይችላል ተብሎ ስለሚሠጋ፥ እስክትወልድ ድረስ ብትተወው ይሻላል። ሌላው ነገር ሽታው ነው። አብሽ የጠጣ ሰው ላቡና ሽንቱ እንደሚሸት ታውቃላችሁ። ይህ ሽታ የሚመጣው ሶቶሎን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፥ ሜፕል ከሚባለው የካናዳ ዛፍ ከሚፈላው ጣፋጭ ሽሮፕ ሽታ ጋር አንድ ነው። አንዳንድ ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት፥ ቶሎ ካልታከመ አእምሮን የሚጎዳና የሚገድል አንድ ከባድ በሽታ አለ፤ የሚታወቀውም ሽንታቸው በዚሁ ሽታ በመሽተቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጽሑፍ እንደሚናገረው፥ አብሽ ያለበት የቅጠል ሻይ የተሰጠው የአምስት ሳምንት የግብፃውያን ልጅ ወደ ሐኪም ቤት ሲመጣ ሐኪሞቹ ይኸው በሽታ ነው ብለው ጠርጥረው ነበር፤ ሲመረመር ግን ሽታው የአብሽ ሆኖ ተገኘ። ከመውለዳቸው በፊት አብሽ የበሉ እናቶች በወለዷቸው ልጆችም ይኸው ደርሷል። ስለዚህ አዋላጇ ወይም ሐኪሙ ስለ ሕፃኑ ሽታ ሲጠይቅ፥ እናቲቱ የጠጣችውን ሳትደብቅ ትናገር፤ ለዓራስ ልጅም በአፉ አብሽ አይሰጠው።

ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ ሲበላ ሰውነቱ የሚያብጥ፥ ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ከአብሽም ይጠንቀቅ፤ ወገናቸው አንድ ነውና።

ንጽሕናውም የሚናቅ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን አገር ድንገት ደም የቀላቀለ ተቅማጥና የኩላሊት መድከም የሚያመጣ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከ3,800 ሰዎች በላይ ታመሙ፤ ከ50 በላይ ሞቱ። መጀመሪያ በዱባ ዘመድ፥ በኪያር ተሳበበ፤ የስፔን ገበሬዎችም ያለ በደላቸው ከሰሩ። በመጨረሻ ምንጩ የአብሽ በቆልት መሆኑ ተደረሰበት፤ ፍሬው ከግብፅ የመጣ ነበር። በፍሬው ላይ የነበረው ተሕዋሲ በእርጥበትና በሙቀት ውስጥ ፍሬው ሲበቅል አብሮ በዛ፤ በቆልቱም ሳይበስል ተበላ። እንግዲህ ጥሬ አብሽ ዱቄት በቧንቧ ውሃ ዘፍዝፎ፥ በሞቀ ማድ ቤት አሳድሮ፥ ሳያፈላ መጠጣት ለዚያ ዓይነት ነገር በር መክፈት ነው። ፍሬውን ልቀሙት፤ እጠቡት፤ በደንብ አምሱት፤ የምትዘፈዝፉበትን ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ የተመታውንም በዚያው ቀን ጨርሱት።

በመጨረሻ፥ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ስለሚመጣው ጠርሙስ ብዙዎች ይጠይቁኛል። በዚያ አገር አብሽ በትንንሽ ቅርፊት ውስጥ ተሞልቶ፥ በጠርሙስ ታሽጎ፥ «ተጨማሪ ምግብ» ተብሎ ይሸጣል። ጠርሙሱ የመድኃኒት ጠርሙስ ስለሚመስልና ከአሜሪካ ስለ መጣ ብቻ በመንግሥት ተመርምሮ የተፈቀደ የሚመስላቸው አሉ። በ1994 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን እንዲህ ያሉ ነገሮች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ለመዳኒትነታቸውም ሆነ ለደኅንነታቸው የመንግሥት ፈቃድ እንዲያገኙ አያስገድድም። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ከአብሽ ጋር ሌላ ዕፅ ተቀላቅሎ የሚሸጥበትም ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ስሙን በቃላችሁ አትያዙ፤ ጠርሙሱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱና ጽሕፈቱን ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ያንብበው። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ደግሞ በቤቱ የሚጠጣውን አብሽም ሆነ ጠርሙሱን ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይግለጽ፤ በቀዶ ሕክምናው ጧት በአልጋ ላይ ሆኖ ቢያስታውስ ቀኑ አልፎበታል።